እግሬ ዘነዘና፣ ጫማው ሙቀጫ

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር የወለቀው ጥቅምት ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ያድራል፣ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚወጣው። እኔም ከአልጋ ሳልወርድ ካልሲዬን ላጠልቅ ስል የሆነ ነገር ክሩን ያዝ አደረገው። ሳብ ሳደርገው ጥፍሬ አብሮ መጣ። አላመመኝም። ከሥሩ ከሞተ ሰንብቶ ነበር።

መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ይመስላችኋል? ኩራት። ባሌት የሚሠሩ ሰዎች ጥፍራቸው እንደሚወልቅ ሰምቼ ነበራ! "በቃ፣ እኔም ከእነሱ ተቆጠርኩ" አልኩ። ያን ዕለት ኩራቱን ትቼ ጫማዬን ብጠረጥር ኖሮ፣ ቀጥሎ የመጡትን ስምንት ወራት በሰላም አሳልፋቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሞክሮ የሚገዛበት ሱቅ በሌለበት ከተማ ሆኖ፣ ፖይንት ጫማ (በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን የባሌት ጫማ) በዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ነው። ልጃቸው ባሌት ለጀመረች ወላጆችም ይጠቅም ይሆናል።

ባሌት የጀመርኩት አዲስ አበባ ስማር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በለስላሳው ጫማ ሠራሁ። በመጨረሻው ዓመት ቲቸር ቁርጭምጭሚቴን እያየች፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ስንት ጊዜ ተረከዜን ማንሳት እንደምችል እየቆጠረች፣ "ትንሽ ቀረሽ። ክረምቱ ይለፍና እናያለን" አለችኝ። ክረምቱ ሳያልፍ ተመረቅኩ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ወደ ቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሩቅ አይባልም፤ ግን ከሥራ ወጥቶ ለክፍል የሚደረስበትም አይደለም። ስለዚህ ያቺን "ትንሽ ቀረሽ" ያለችኝን ራሴው ሞላኋት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው፣ ከጫማውም ይቀድማል። ፖይንት የሚጀመርበትን ቀን የሚወስነው አስተማሪ ነው፣ ያውም እግርን በዓይኑ እያየ። ለልጆች ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓመታት ልምምድ በኋላ፣ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ነው የሚባለው። ዕድሜው ደርሶም ጉልበቱ ካልደረሰ ይጠበቃል። እኔ 24 ዓመት ሞልቶኝም አልደረስኩም ነበር።

ለማያውቀው ጫማውን ላስተዋውቅ። ከውጭ ሲያዩት ሳቲን ነው፣ የሙሽራ ጫማ ይመስላል። ጣት የሚገባበት ጫፉን ግን ጠረጴዛ ላይ ቢያንኳኩት ቋ ቋ ይላል። ቦክስ የሚሉት እሱን ነው። ጎረቤቶቻችን አንድም ሳይቀሩ "ውስጡ እንጨት ነው?" ብለው ጠይቀውኛል። እንጨትም ብረትም የለውም። በተለመደው አሠራር ጨርቅና ወረቀት እየተነባበረ በማጣበቂያ ተለጥፎ የደረቀ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ፣ ዳንሰኛዋ የምትቆምባት ቦታ፣ ፕላትፎርም ትባላለች። ከብርጭቆ ቂጥ ታንሳለች። ከውስጥ ሶሉ ጋር ደግሞ ሻንክ የሚባል ደረቅ ድጋፍ አለ፤ የእግርን ሆድ ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።

በጣት ጫፍ መቆም ሲጀመር ይሄ ሁሉ አልነበረም። የባሌት ዳንሰኛዋ ማሪ ታልዮኒ በፈረንጆቹ 1832 ፓሪስ ላይ በጣቷ ቆማ ሰዉን ስታስደምም፣ ጫማዋ ጫፉና ጎኑ በክር የተጠቀጠቀ ለስላሳ ሳቲን ነበር። ጠንካራው ቦክስ የመጣው ኋላ ነው። ይሄን ሳነብ "እሷ ያለ ቦክስ ከቆመች እኔን ጫማ ትንሽ ቢሰፋኝ ምን ይለኛል?" አልኩ። ራሴን ለማታለል ታሪክ ሳይቀር ጠቀስኩ።

ጫማውን የገዛችልኝ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ናት። ስልክ ደወለችና፣

"ስንት ቁጥር ነሽ?" አለችኝ።

"38።"

"እንዳይጠብሽ 39 ላድርገው?"

"አድርጊው።"

በቃ፣ ንግግራችን ይሄው ነው። ሁለታችንም ያደግነው ጫማ "ታድግበታለች" እየተባለ በሚገዛበት ቤት ነው። የትምህርት ቤት ጫማችን መስከረም ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል፣ ሰኔ ላይ ልክ ይሆናል፣ በዓመቱ ለታናሽ ይተላለፋል። ለእኛ ሰፊ ጫማ ማለት ብልህነት ነው። አክስቴ 39ን ወደ አሜሪካ ቁጥር ቀየረችና በኢንተርኔት አዘዘች። ኋላ እንደተረዳሁት ግን የፖይንት ጫማ ቁጥርና የመንገድ ጫማ ቁጥር አንድ አይደሉም። በአንዳንድ ኩባንያዎች ዘንድ ከመንገድ ጫማ ሁለት ሦስት ቁጥር ዝቅ ተብሎ ነው የሚጀመረው። ሌሎቹ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ከርዝመቱ ሌላ የወርድ መለኪያም አለ፤ ብዙዎቹ በኤክስ ይቆጥሩታል፣ አንድ ኤክስ ጠባቡ፣ ሦስት ኤክስ ሰፊው። እኛ ወርድ የሚባል ነገር እንዳለም አናውቅም ነበር።

ጫማው ነሐሴ ላይ በሰው ሻንጣ፣ በሁለት ሹራብ መሀል ተጠቅልሎ ደረሰ። ሳጠልቀው ከተረከዜ በኋላ ሁለት ጣቴ ተንሸራቶ ገባ። ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ፤ ደግሞም አውቄያለሁ። ማታ አክስቴ በቪዲዮ ደወለች።

"እንዴት ነው፣ ልክ ሆነልሽ?"

"እግሬ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው!"

ምን ልበል? ሌሊት ሠርታ ባገኘችው ብር ነው የገዛችልኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ይቺ ይሉኝታ ለእኔም ለአክስቴም አልጠቀመችም። የማይሆን ጫማ የደረሳችሁ ዕለት፣ ያኔውኑ ተናገሩ። ሪባን ያልተሰፋበት፣ ያልታጠፈ፣ ሶሉ ያልቆሸሸ ጫማ ብዙ ሱቆች ይመልሳሉ ወይም ይቀይራሉ። አንዴ ከተሠራበት ግን የሚቀበል የለም። ስትሞክሩትም ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ ይሁን።

እሺ፣ ሰፊ ጫማ ምን ይደረጋል? ይጠቀጠቃል። ዳንሰኞች ጣታቸውን በበግ ፀጉር እንደሚጠቀልሉ አንብቤ ነበር። የበግ ፀጉር ደግሞ እኛ ቤት ሞልቷል። አያቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው፣ የመንዝ በግ ፀጉር ሲፈትሉ ነው ያረጁት። እንዝርታቸውና ቅርጫታቸው ዛሬም ከአልጋቸው ሥር ነው። አንድ እፍኝ ለመንኳቸው።

"ለምንሽ ነው?"

"ለጫማዬ።"

"በረደሽ?"

"አዎ" አልኩ። ማስረዳቱ ረጅም ነው።

ዳንሰኞች የሚጠቀሙበት የበግ ፀጉር ግን የታጠበና የተበጠረ፣ እጅ ላይ ያለ የማይመስል ስስ ነገር ነው። ጣት ላይ በስሱ ይነጠፋል። የእኛ የመንዝ በግ ፀጉር ለባናና ለምንጣፍ እንጂ ለጣት አይደለም። ሻካራ ነው፣ ይበላል። እኔ ደግሞ መንጠፍ ትቼ እንደ ፍራሽ ጠቀጠቅኩት። ለሁለት ቀን የሞላ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን በላብ ረጥቦ ተጠቅልሎ፣ ከቦክሱ ሥር እንደ ጠጠር ተሰበሰበ።

ያኔ ነው እግሬ ዘነዘና የሆነው። በጣቴ ስቆም እግሬ ቁልቁል ሰርጎ ይወርዳል፣ ተረከዜን ሳሳርፍ ተመልሶ ይወጣል። ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ሙቀጫው ጫማው ነው። በርበሬው ደግሞ የአውራ ጣቴ ጥፍር።

ይቺን ነገር ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ከእሷ ነው የሚመጣው። እኔ ፖይንት ማለት በጣት ጥፍር ጫፍ መቆም ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ልክ የሆነ ጫማ እግርን ከዙሪያው ጨብጦ ይይዘዋል። የቦክሱ ግድግዳ፣ ከጎን ያሉት ክንፎቹ፣ ከላይ ጣቶቹን የሚሸፍነው ቫምፕ፣ ከሥር ሻንኩ፣ ሁሉም ክብደቱን ይካፈላሉ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፣ ግን ብቻቸውን አይሸከሙም። ጫማው ሲሰፋ ጨባጭ የለም። ያን ጊዜ 54 ኪሎዬ ሙሉ በሙሉ አውራ ጣቴ ላይ ይወርዳል። ሌሎቹ ጣቶች ገብተው ተኝተዋል።

ሁለተኛውን ጥፋት በዚያው ክረምት ሠራሁ። ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን ልብስ አይደርቅም። ጫማው ከልምምድ በኋላ በላብ እርጥብ ይላል። እማዬ ቡና ስታፈላ ማንደጃው አጠገብ ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሳቲኑ በአንድ ጎኑ እንደ ቂጣ ጠቆር ብሎ ነበር። የቦክሱ ጎንም ሞቆ ተጣሞ ለስልሶ ነበር። እርጥበትና ሙቀት ማጣበቂያውን ይፈቱታል። ጫማ እንዲደርቅ ውስጡ ለጣት የተደረገውን ሁሉ አውጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ መስቀል ነው። አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል፣ በእኛ ክረምት ሁለት። በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ማሳደርም እንደ ማንደጃው ነው፣ ቀስ ብሎ ይገድለዋል።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ጥፍሬ ወለቀ፣ እኔም ኮራሁ። ኅዳር ላይ የግራው ጥፍር መጥቆር ሲጀምር ግን "ጫማው ሰፍቶኛል" ብዬ ለራሴ አመንኩ። ጥሩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? የጠበበ ገዛሁ።

አዲስ አበባ የሆነች ሴት አገር ልትቀይር ዕቃዋን በቴሌግራም ስትሸጥ አየሁ። ያገለገለ ፖይንት ጫማ፣ በጥሩ ዋጋ። በሰልባጅ ያደገ ሰው ያገለገለ ጫማ አይፈራም። ሲደርሰኝ ጠበበኝ። "ሲለብሱት ይሰፋል" አልኩ። ጫማ ሁሉ እንዲህ ነው ብለን እናምን የለ? ፖይንት ጫማ ሲሠሩበት ትንሽ ይላላል፤ ቁጥር አይጨምርም።

የጠባብ ጫማ ምልክቱ ከሰፊው ይለያል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሁለተኛው ጣቴ ታጥፎ እንደ ጉልበት ጉብ ይላል፣ ጉብታው ላይ ቆዳው ይላጣል። ትንሿ ጣቴ ጎን ነጭ ደድር ያለ ቆዳ ወጣ። ፎቶ አንስቼ ሳየው ደግሞ ሻንኩ ከእግሬ መሀል ወጥቶ ወደ ጎን ዞሯል። እንዲህ መዞሩ ጫማው የእኔ እንዳልሆነ የሚናገር ምልክት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ግን ቻልኩት። እኛ ዘንድ "አመመኝ" የምትል ልጅ ልፍስፍስ ትባላለች። እኔም ልፍስፍስ አይደለሁም!

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የአልጋዬን ራስጌ ይዤ ስነሳ ቀኝ እግሬ ከቫምፑ በላይ ወደ ፊት ፈሰሰ። ቫምፑ ለጣቶቼ አጭር ነበር፣ ሻንኩም በሌላ ሰው እግር ተሠርቶ የሞተ። ወለላችን ሊሾ ነው። ተንሸራተትኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ።

ቤቱ በአንድ ድምፅ "ወጌሻ!" አለ። ሄድኩ። ጎተቱ፣ አሹ። ማታ እግሬ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቴ ደህና ነበር፣ ጅማቱ ነው የተጎዳው። ስድስት ሳምንት ከዳንስ ታገድኩ። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፣ አባቴን አንድ ጊዜ አድነውታል። ግን እግር አብጦ መርገጥ ካቃተ፣ ማንም ሳይነካው በፊት ራጅ ይቅደም። ስብራት ቢሆን ኖሮ ያ ጉተታ ምን ያደርገኝ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ወደ ተሻለው ክፍል ልምጣ። መጋቢት ላይ፣ እግሬ ሲያገግም፣ ጠባቡን ጫማ ይዤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በረንዳ ላይ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ሐሳቤ ጎኑን እንዲያሰፉልኝ፣ ሶሉንም እንዲያጠነክሩልኝ ነበር። ተቀብለው አገላበጡት።

"የምን ጫማ ነው ይሄ ልጄ?"

"የዳንስ ነው ጋሼ። ጫፉ ላይ ነው የሚቆመው።"

"ማን ነው የሚቆመው?"

"እኔ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ጫማው ውስጥ አስገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው አስገቡት። "ይኸውልሽ። እዚህ ጋ ጎድጎድ ያለው የአውራ ጣቷ ነው። እዚህ ቀጥሎ ያለው የሁለተኛው። ይሄ የሌላ ሰው እግር ነው እኮ።" እውነትም ጣቴ የማላውቃት ሴት ጣት የሠራው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እግሬ እስኪዞር ድረስ በሌላ ሰው እግር ልቆም ስታገል ኖሬያለሁ።

"ካልሲሽን አውልቂ" አሉኝ። ካርቶን ቀደው መሬት ላይ አነጠፉ። መጀመሪያ ተቀምጬ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያዬን አሰመሩት። ከዚያ አስነሱኝና በዚያው ላይ ቆሜ፣ በቀይ። ሁለቱ መስመሮች አልተገናኙም። ስቆም እግሬ ይረዝማል፣ በፊት በኩል ደግሞ በግልጽ ይሰፋል። "ሰው ጫማ ሲገዛ ይቀመጣል፣ ሲለብሰው ይቆማል" አሉ እየሳቁ። ሌላውንም እግሬን አሰመሩ፤ ግራዬ ከቀኜ ትንሽ ይረዝማል። ሁለተኛ ጣቴ ከአውራ ጣቴ እንደሚበልጥም ያየሁት በዚያ ካርቶን ላይ ነው። 24 ዓመት ከእግሬ ጋር ኖሬ!

ጫማውን መለሱልኝ። "ይሄን አላሰፋልሽም። ቢሰፋ ይፈርሳል።" ለካርቶኑ 20 ብር ተቀበሉኝ። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እሱን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ያን ማታ የካርቶኑን ፎቶ ለቲቸር ላክሁላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጥፍሩን፣ ፀጉሩን፣ ማንደጃውን፣ ወጌሻውን። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ በድምፅ መልእክት "ለምን ዝም አልሽኝ?" አለች። ሰኔ ላይ ከውጭ ስትመለስ ለተማሪዎቿ የሚሞከሩ ጫማዎች እንደምትይዝ ነግራኝ፣ እስከዚያ ፖይንት የሚባል እንዳልነካ አስማለችኝ። በየማታው ተረከዝ ማንሳት ብቻ፣ በባዶ እግር፣ ግድግዳ ይዤ።

ሰኔ ላይ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ላምበረት ወረድኩ። ክፍሉ ስደርስ በቀጥታ ጫማ ልሞክር ስል "ቆይ" አለችኝ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ሠራን። እግር ሲሠራ ሞቆ ትንሽ ያብጣል፤ ጫማው የሚለበሰው በዚያ ሰዓት ነው፣ ልኩም የሚወሰደው በዚያ ሰዓት ነው። የምለብሰውን ታይትስ አድርጌ፣ ጣቴ ላይ የማደርገውንም ስስ ጄል፣ ለስላሳውን የጣት መሸፈኛ፣ አድርጌ። ያለ ጄል ለክቶ በኋላ መጨመር ወይም በወፍራም ለክቶ መቀነስ፣ ሁለቱም ልኩን ያበላሻሉ።

ሰባት ጥንድ ደረደረች። እያንዳንዱን እንዴት እንደሞከርን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ቤታችሁም ማድረግ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ጠፍጣፋ መቆም። ጣቶች ሁሉ ተዘርግተው ጫፉን መንካት አለባቸው፣ መታጠፍ የለባቸውም። ቀጥሎ እግርን ከፍቶ በሁለተኛ አቋቋም ጉልበትን ማጠፍ፣ ፕሊዬ። እግር በጣም የሚረዝመው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ጠንከር ብሎ ይሰማል፤ ጣት ከተጣጠፈ ግን አጥሯል። ከዚያ ባሩን፣ የመለማመጃ መያዣውን ዘንግ፣ ይዞ አንዱን እግር በጣት ጫፍ ማሳረፍ። አሁን እግር ያጥራል፣ ስለዚህ ተረከዝ ላይ ጨርቁ ይላላል። ቲቸር በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችው። ትንሽ መቆንጠጥ ይገባል። እፍኝ ከተያዘ ረዝሟል። ምንም ካልተያዘ አጥሯል፣ ጅማቱንም ይቆርጣል።

ከዚያ በጎን ጣቷን ልታስገባ ሞከረች። ጣት በቀላሉ ከገባ ወርዱ ሰፍቷል። ከፊት ፕላትፎርሙ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካቱን አየች፣ ከጎን ሻንኩ የእግሬን ሆድ ተከትሎ መታጠፉን። ቫምፑ የጣቶቼን ሥር መሸፈን አለበት፤ ሲያጥር እንደኔ ትፈሳላችሁ፣ ሲበዛ ጫፉ ላይ መውጣት ያቅታል። በየመሀሉ አንዲት ጥያቄ ትደጋግማለች፦ "የት ነው የሚሰማሽ?"

አንደኛው "አውራ ጣቴ" አልኩ። ወጣ። ሁለተኛው "ጎኑ።" ወጣ። አራተኛው ደስ አለኝ፣ ለስላሳ ነበር፣ እሷ ግን "ሰርገሻል" ብላ አስወለቀችኝ። ስድስተኛውን ሳጠልቅ መጀመሪያ ጠበበኝ ብዬ ልናገር ነበር። ተነስቼ ቆምኩ። "የት ነው የሚሰማሽ?" አለች። ፈለግኩ። የተለየ ቦታ አጣሁ። እግሬን ሙሉውን እኩል የጨበጠ እጅ ነው የሚመስለው።

"ዙሪያውን እኩል ሲጫን ልክ ነው" አለችኝ። "አንድ ቦታ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ልክ አይደለም። ያን አትቻይው።" ለእኔ ከመጀመሪያው ታስፈልገኝ የነበረችው ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ባሌት ያለ ሕመም ነው ማለት አይደለም፤ ጡንቻ ይቃጠላል፣ ቆዳ ይላጣል። የሚደነዝዝ፣ የሚወጋ፣ ጥፍር የሚያጠቁር ነገር ግን ጥንካሬ አይደለም፣ ጫማ ነው።

ቁጥሩን ገልብጠን አየነው። አክስቴ ከላከችው በሦስት ቁጥር ያነሰ ነው። በወርዱ ግን ሦስት ኤክስ፣ ከሁሉም ሰፊው። ለካ እኔ ረጅም እግር የለኝም፣ ፊቱ ሰፊ ተረከዙ ቀጭን እግር ነው ያለኝ። ስፋት ሲያስፈልገኝ ርዝመት ሳስመጣ፣ ርዝመቱ ሲበዛብኝ ጠባብ ስገዛ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ለአውራ ጣቴ ትንሽ የጄል ቆብ ጨመረችልኝ፣ ከረጅሙ ጎረቤቱ ጋር እንዲስተካከልና ሸክሙን እንዲካፈል። ከዚያ የድሮ ጫማዬን አንስታ ከውስጡ የአያቴን ፀጉር መዘዘችው። መዘዘች፣ መዘዘች፣ አያልቅም። "ፍራሽ ነው እንዴ የሠራሽው?" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

እንግዲህ በዘመድ የምታስመጡ፣ ቁጥር ብቻ አትላኩ። ሁለቱንም እግር ቆማችሁ ወረቀት ላይ አስምሩ፤ የሚያሰምረው ሌላ ሰው ይሁን፣ ጎንበስ ስትሉ እግር ይዛባል። በሴንቲ ሜትር ርዝመቱንም ሰፊውን ቦታም ለኩ። ከፊት፣ ከጎን፣ ተረከዝ አንስታችሁ ፎቶ ተነሱ። በቪዲዮ ልክ የሚወስዱ ሱቆች አሉ፤ ዘመዳችሁ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እነሱን እንዲያናግር ጠይቁ፣ አስተማሪያችሁም አብሮ ቢኖር እጅግ ጥሩ። ልክ የሆነውን ካገኛችሁ ሶሉ ላይ የታተመውን ሁሉ ፎቶ አንሱት፤ ኩባንያውን፣ ሞዴሉን፣ ቁጥሩን፣ ወርዱን፣ የሻንኩን ጥንካሬ። ጫማው ያልቃልና። ለትልልቅ ዳንሰኞች አንዳንዴ አንድ ትርኢት እንኳ አይሻገርም። ለእኛ ለጀማሪዎች ይቆያል፣ ግን ቦክሱ ሲለሰልስ ወይም ሻንኩ መደገፍ ሲያቆም "ገና አዲስ ይመስላል" ብሎ ማዘን የለም።

ወላጆች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ "ታድግበታለች" የሚለውን ለሌላ ጫማ ተዉት። ልጅ በየጥቂት ወሩ እግሯ ስለሚለወጥ፣ አዲስ በተገዛ ቁጥር እንደገና ይለካ። ጥፍሯንም አጭርና ቀጥ አድርጋ ትቁረጥ፣ ግን የክፍሉ ዕለት ጠዋት አይሁን።

ሪባኑን የሰፋሁት እዚሁ ቤት፣ በአያቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ ነው። የጫማውን ተረከዝ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ እጥፋቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ሪባኑ እዚያ ነው የሚሰፋው። በጠርዙ ውስጥ የሚያልፈውን ማጥበቂያ ክር መርፌው እንዳይወጋው መጠንቀቅ ነው፤ ከተወጋ አይሳብም። አያቴ ስፌቴን አይተው አልወደዱትም። ተቀበሉኝና በራሳቸው ወፍራም ክር ደገሙት። እስካሁን አልተተረተረም።

ሲጨርሱ አጠለቅኩት። ሪባኑን አሰርኩ፣ ቋጠሮውን ከቁርጭምጭሚቴ በውስጥ በኩል ሸሸግኩት። ቁም ሳጥኑን ደገፍ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ በሁለቱም እግሬ ተነሳሁ። አያቴ እንዝርታቸውን አቆሙ። ከእግሬ ጀምረው እስከ ራሴ አዩኝ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ ወደተደረደረው ዕቃ።

"ምን ልታወርጂ ነው?" አሉኝ።